ሽመላ ከኮረብታው ሲወርድ

ሩክሳንድራ ጠዋት የምትነሳው አንድ ቁልፍ ለመጫን ነው። ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሲሆን፣ ፀጉሯን እንኳ ሳትሰበስብ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች። የጦር ልምምድ ሜዳው ካርታ ይመጣል። ከሜዳው በስተሰሜን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ኮረብታ ላይ፣ አንዲት ግራጫ ነጥብ አለች። ነጥቧን ስትነካት ኮምፒውተሩ ይጠይቃታል፦ «ይህ የጦር ክፍል ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ፍለጋው ይቀጥል?» እሷም «ይቀጥል» የሚለውን ትጫናለች። ፊቷን የምትታጠበው ከዚያ በኋላ ነው።

ነጥቧ ባሏ ነው። ሃምሳ አለቃ ሲልቪዩ ከሞተ አስራ አራት ወር ሆኖታል።

ይህን የሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቅ ይሆናል፤ ይነቅንቅ። እሷ አላበደችም። ነገሩ የሥራ ጠባይ ነው፤ ሥራውን ላላወቀ ሰው ግን ማስረዳት ይገባል። አራት አገሮች ማለትም ሮማኒያ፣ ግሪክ፣ ፖርቱጋልና ሊትዌኒያ ምድር ጦራቸውን በአንድ ሜዳ ሲያሰልፉ እርስ በርስ አይተያዩም ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ሬድዮ፣ የራሱ ካርታ አለው። የግሪኩ ብረት ለበስ ከጉብታው ማዶ ያለው ወዳጅ ይሁን ጠላት የሚያውቀው ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ነው። ይህን ለማስቀረት ብራሰልስ፣ ማለትም የአውሮፓ ኅብረት፣ ለሦስት ዓመት ምርምር ገንዘብ መደበች። የአራቱም ወታደሮች በአንድ መረብ ገብተው በአንድ ካርታ ላይ እንዲተያዩ ማለት ነው። ካርታውን የሚሠራው በሮማኒያዋ ፋጋራሽ ከተማ ከዳቦ ቤት በላይ ሁለት ፎቅ የተከራየ ትንሽ ድርጅት ሲሆን፣ የካርታው ኃላፊ ሩክሳንድራ ናት።

ሲልቪዩ ደግሞ ጦሩ ለሙከራ የመደበው የመገናኛ ሃምሳ አለቃ ነበር። እግሩ ረጅም ስለነበረ በሬድዮ ስሙ ሽመላ ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት ስብሰባ ላይ፣ የምርምሩ ዶክተሮች ካርታው እንዳይጨናነቅ ሲሉ፣ ሬድዮው አንድ ቀን ሙሉ ዝም ያለ ክፍል ምልክቱ ከካርታው ይሰረዝ ብለው ሊወስኑ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትንፍሽ ያላለው ሲልቪዩ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ እኔ ዲግሪ የለኝም» አለ። «ግን ሬድዮዬ ዝም ስላለ እኔ የለሁም ማለት ነው? ባትሪ ያልቃል። መኪናው ገደል ይገባል። ካርታው ከሰረዘኝ ማን ይፈልገኛል?»

ዶክተሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያች ቀን ደንብ ቁጥር ሠላሳ አንድ ተጻፈ። «አሁንም እየፈለግሁት ነው» የሚል ሰው እስካለ ድረስ ዝም ያለ ክፍል አይሰረዝም። ይሁን እንጂ ፈላጊው ይህን በየቀኑ በአዲስ መልክ ማለት አለበት፤ አንዴ ብሎ መርሳት አይቻልም። ፍለጋውን የሚዘጋ ሰው ደግሞ ምክንያት መምረጥ አለበት። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፦ «ተመልሷል»፣ «ተመቷል»፣ «ፍለጋው ቆሟል»።

ባለፈው ዓመት በየካቲት፣ ከሙከራ በኋላ መንገዱ በረዶ ስለሆነ ሲልቪዩ መኪናውን ኮረብታው ላይ አቆመና ሬድዮውን አጥፍቶ በእግሩ ወረደ። ቤት ገብቶ ሾርባውን በላ፤ ሁለተኛ ጨለፈ። ደረቴን ከበደኝ አለ። ሳይነጋ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። መኪናውን በማግስቱ ሌላ ሰው አወረደው። ሬድዮው ግን ስላልተከፈተ ነጥቡ እዚያው ቀረ፣ ኮረብታው ላይ።

አርባው ወጣ። ስድስት ወሩ ወጣ። ሙት ዓመቱ ላይ አማቷ የስንዴ ንፍሮውን አሸክማ ወደ መቃብሩ ስትሄድ፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ነፍሱን አሳርፊያት» አለቻት። ሩክሳንድራ እሺ አለች። በማግስቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ «ይቀጥል» የሚለውን ተጫነች። ምን ብላ ትዝጋው? አልተመታም። ፍለጋውም አልቆመም፤ የሚፈልግን ሰው ልብ ማን ያቆመዋል። አልተመለሰም።

የገምጋሚዎቹ ቀን በሚያዝያ መጨረሻ ዋለ። የሦስቱ ዓመት ገንዘብ አልቋል። ሙከራው ካማረ ለሁለተኛ ምዕራፍ ሌላ ገንዘብ ይፈቀዳል፤ ካላማረ ድርጅቱ ይበተናል፣ ኮምፒውተሮቹም ይጠፋሉ፣ ካርታው ከነነጥቡ ይከተላቸዋል። ይህን የመጨረሻውን ለማንም አልተናገረችም። ክረምቱን ሙሉ የሁለተኛውን ምዕራፍ ፕሮፖዛል ስትጽፍ የሠራተኞቹ ሁሉ ምስጋና እሷ ላይ ወረደ። እነሱ ስለ ደሞዛቸው ያሰበችላቸው መስሏቸው ነበር፤ እሷ የጻፈችው ለነጥቧ ነው። ናፍቆት ሰውን እንዲህ ትጉህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

በሜዳው ጥግ ባለችው የእንጨት ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ዛኩስካ የሚባል የአትክልት ማባያ የተቀባ ዳቦ ተደርድሯል፣ ትልቁ ስክሪን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የፕሮጀክቱ አለቃ ግሪኩ ፓናዮቲስ ሦስተኛ ዳቦውን እያነሳ ወደ ሩክሳንድራ ጠጋ አለ።

«ስሚ፣ ዛሬ ኮምፒውተርሽ ካኮረፈ አገሬ ገብቼ ፍየል ነው የምጠብቀው።»

«ፍየሎቹ ይቀበሉሃል?»

«እዚያም ፕሮፖዛል ይጠይቁኝ ይሆናል።»

ብራሰልስ የላከቻቸው ገምጋሚዎች ሦስት ናቸው። የሚፈሩት ግን አንዷን ነው። ቱሊኪ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ የፊንላንድ ኮሎኔል ናቸው። ከደረሱ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ያወጡት ቃል የለም። ዳቦ ቀርቦላቸው «በኋላ» ብለዋል።

ሙከራው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው የሩክሳንድራ ስልክ ጠራ። ሃምሳ አለቃ ኔኩላይ ነው፣ የሮማኒያውን መኪና የሚነዳው፣ የሲልቪዩ የሃያ ዓመት ጓደኛ።

«እቴ፣ ይሄ ሬድዮ አልነሳም ብሏል። መታሁት፣ ለመንኩት፣ እምቢ አለ።»

«በጥፊ የሚሠራ ነገር አይደለም፣ ጋሽ ኔኩላይ።»

«እናቴ ቲቪውን በጥፊ ነበር የምታሠራው። ለማንኛውም ከንብረት ክፍል ሌላ ላወጣ ነው።»

«በል ፍጠን፣ ሰዎቹ ተቀምጠዋል።»

የትኛውን ሬድዮ እንደሚያወጣ አልጠየቀችውም። ምን ብላ ትጠይቀዋለች፣ ሬድዮ ሬድዮ ነው።

ሙከራው ተጀመረ። የግሪኩ ጦር መኪና በስተምሥራቅ ገባ፣ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ በራ። ሊትዌኒያዊው በራ። ፖርቱጋላዊው በራ። ሦስቱ እርስ በርስ መተያየታቸውን በሬድዮ አረጋገጡ፤ ፓናዮቲስ እጁን አፋተገ። ሮማኒያው ሊመጣ ነው ተብሎ ሁሉም ስክሪኑን ያያል።

ያኔ ኮረብታው ላይ ያለችው ግራጫ ነጥብ ጠፋች። ወዲያው ንብረት ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሰማያዊ ነጥብ በራ። ከበላዩ «ሽመላ» ይላል። ነጥቡ ለትንሽ ጊዜ ቆመና የወንዙን መንገድ ይዞ መሄድ ጀመረ።

ሩክሳንድራ ከወንበሯ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች አታውቅም። መጣ አለች በሆዷ። ሬድዮ ነው፣ ብረት ነው፣ የሆነ ሰው የሆነ ቁልፍ ነክቶ ነው፤ ይህን ሁሉ ከማንም ይልቅ እሷ ታውቃለች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ግን ደስ አላት፤ እራት ሰዓት ላይ ደጁ ሲንኳኳ እንደሚሰማት ደስታ ነበር። ያቺ ትንፋሽ ካለፈች በኋላ ምን እንደተፈጠረ ገባት።

የሟች ሬድዮ መታወቂያው ከመረቡ ይሰረዛል፤ ሰራዧም እሷ ናት። ግን እየተፈለገ ያለን ሰው መታወቂያ መሰረዝ አይቻልም። ተመልሶ ቢመጣ በር እንዳይዘጋበት ሲባል ራሷ ናት እንዲህ አድርጋ የሠራችው። አስራ አራት ወር «ይቀጥል» ስትል፣ የባሏን በር አስራ አራት ወር ክፍት አድርጋ ኖራለች።

«ሽመላ ማነው?» አለ ሊትዌኒያዊው በሬድዮ። «እኔ ዝርዝር ላይ ሽመላ የሚባል የለም።»

ቱሊኪ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ያንኑ ልጠይቅ ነበር» አሉ።

ፓናዮቲስ ፈገግታው ሳይጠፋ ወደ ሩክሳንድራ ጆሮ ጎንበስ አለ። «የታቀደ ነው በያቸው» አለ በሹክሹክታ። «የውሸት ክፍል ነው፣ መረቡ እንግዳ ሲገባ ያውቅ እንደሆነ ለመፈተን የፈጠርነው ነው በይ። ሊትዌኒያዊው ወዲያው ነቅቶበታል፣ አለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።»

ጥሩ ውሸት ነበረች። ገንዘቡ ይፈቀዳል፣ ካርታው ይቀጥላል፣ ነገ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነጥቧ ትጠብቃታለች። ሩክሳንድራ አፏን ከፈተች። «የውሸት ክፍል» የሚለውን ቃል ግን አላወጣችውም። ለሲልቪዩ ብላ ሲልቪዩ የሚባል አልነበረም ልትል ነው።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለች። «መረቡ አልተሳሳተም። የዚህን ሬድዮ መታወቂያ መሰረዝ ነበረብኝ፣ አልሰረዝኩም።»

ፓናዮቲስ ዓይኑን ጨፈነ። ፍየሎቹ ታይተውት ይሆናል።

«ይህ ሬድዮ ጠላት እጅ ገብቶ ቢሆንስ?» አሉ ቱሊኪ።

«ይገባ ነበር። አራቱንም አገር ያይ ነበር።»

«መዝገቡን ያሳዩኝ።»

መዝገቡ ተከፈተ። ደንብ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ክፍል ሽመላ፣ ፈላጊ ሩክሳንድራ። ከሥሩ በየቀኑ አንድ መስመር፦ አስራ ሁለት ከአርባ፣ ይቀጥል። አስራ ሁለት ከአርባ፣ ይቀጥል። አስራ ሁለት ከአርባ አንድ፣ ይቀጥል፤ ያን ቀን ብርድ ይዟት ነበር። ቱሊኪ ወደ ታች እየሳቡ አነበቡ፣ አሁንም ሳቡ፣ መጨረሻው ላይ ቁጥሩን አዩ። አራት መቶ ሃያ አንድ ይላል።

«ማነው ሰውዬው?»

«ባለቤቴ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ሞቷል። ባለፈው ዓመት በየካቲት።»

ሩክሳንድራ አላለቀሰችም። እንዲያውም ከተናገረችው በኋላ ቀለል አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። አሁን ዝጊው እንደሚሏት ታውቃለች።

«መጀመሪያ ማን እየነዳ እንደሆነ እንወቅ» አሉ ቱሊኪ።

ሩክሳንድራ ሬድዮውን አነሳች። ይህን ስም በሬድዮ ከጠራች አስራ አራት ወር ሆኗታል። «ሽመላ፣ ሽመላ፣ እዚህ ማዘዣ ነው።»

«ማዘዣ፣ ሽመላ እሰማለሁ» አለ የኔኩላይ ድምፅ። እሱም የጓደኛውን ስም አሁን ገና በአፉ መጥራቱ ነው።

«ጋሽ ኔኩላይ፣ የማንን ሬድዮ ነው የያዝከው?»

«ታውቂዋለሽ። እጀታው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ያለበትን።»

«ንብረት ክፍል አዲስ ሬድዮ አልነበረም እንዴ?»

«ሦስት አዲስ ነበር። ሰውዬው አንዱን ሊሰጠኝ አውጥቶት ነበር። የመጨረሻው ቀን ነው ብዬ ነው። ይህን ያህል ለፍቶበት መጨረሻውን ሳያይ… ይየው ብዬ ነው። እንደማይሠራ እርግጠኛ ነበርኩ። በስሙ አንዴ ከፍቼው፣ እምቢ ሲል በአዲሱ ልቀይረው ነበር። ስከፍተው ሠራ። ለምን ሠራ?»

«ስላልዘጋሁት።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ ኔኩላይ።

ይህን ሁሉ ግሪኩ፣ ፖርቱጋላዊውና ሊትዌኒያዊው በየመኪናቸው ሆነው ሰሙት። አራት ጦር በአንድ መረብ እንዲሰማማ ሦስት ዓመት የተለፋበት ሥራ እንዲህ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። ሊትዌኒያዊው «ሽመላን አየዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። ፖርቱጋላዊውም ቀጠለ፣ ግሪኩም ቀጠለ። ማንም አላዘዛቸውም።

ቱሊኪ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ክፍት በር አይቼ ማለፍ አልችልም» አሉ። «ይህ ምልክት አሁን፣ እኔ ፊት ይዘጋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እዘጋዋለሁ» አለች ሩክሳንድራ። «ግን በሩ ድረስ ይምጣ። ከዚያ ልዝጋው።»

ቱሊኪ ሰዓታቸውን አዩ። የሌሎቹን ሁለት ገምጋሚዎች ፊት አላዩም። «ይምጣ» አሉ።

አስራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ማንም ወደ መስኮቱ አልሄደም፤ ሁሉም ስክሪኑን ነው የሚያዩት። ነጥቡ ድልድዩን ተሻገረ። ከዚያ ቀጥታውን መንገድ ትቶ ወደ ሰሜን ታጠፈ። «ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ ፓናዮቲስ። ሩክሳንድራ ግን ገብቷታል። ኔኩላይ ዙሪያውን ሄዶ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ሲልቪዩ ያቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ሲልቪዩ በረዶ ስለነበር በእግሩ የወረደውን መንገድ በመኪናው ይዞት ወረደ፣ ቀስ እያለ። ሩክሳንድራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ አብራው ወረደች። ናፈቃት፤ እንደዚያች ደቂቃ ናፍቋት አያውቅም። ነጥቡ በቀረበ ቁጥር ባሰባት።

ከደጅ የሞተር ድምፅ ተሰማ፣ ቆመ። ኔኩላይ አልገባም።

«ማዘዣ፣ ደርሻለሁ። ላጥፋው?»

«ትንሽ ቆይ» አለች።

ቆየ።

«አጥፋው፣ ጋሽ ኔኩላይ።»

ነጥቡ ግራጫ ሆነ። አሁን ያለበት ኮረብታው አይደለም፤ እሷ የቆመችበት ቤት ነው። ኮምፒውተሩ ጠየቃት፦ «ፍለጋው ይቀጥል?» በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «አይቀጥል» የሚለውን ነካች። ሦስቱ ምክንያቶች ወጡ። አስራ አራት ወር ሙሉ አንዱም እውነት አልሆነላትም ነበር። «ተመልሷል» የሚለውን ተጫነች። ነጥቡ ጠፋ፣ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ።

ወደ ደጅ ወጣች። ኔኩላይ ሬድዮውን ከመኪናው ፈቶ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ተቀበለችው። ከባድ ነበር፤ ፕላስተሩ ጫፉ ተልጦ ነበርና በአውራ ጣቷ መልሳ ለጠፈችው። ከሰዓት በኋላ በአዲስ ሬድዮ ሙከራው እንደገና ተጀምሮ ሁሉም ነገር በወግ በወጉ ሄደ፤ ቱሊኪም «በኋላ» ያሉትን ዳቦ ቆመው በሉ።

በማግስቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ኮረብታው ላይ ምንም የለም። ጣቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጠራ።

«ነቅተሻል?» አለ ኔኩላይ።

«ነቅቻለሁ።»

«እኔም።»

ስልኩን ሳይዘጉት ትንሽ ቆዩ።

የብራሰልስ መልስ በሰኔ መጣ። ፓናዮቲስ ደውሎ ጆሮዋን ሊያደነቁራት ደረሰ። «ተፈቀደልን። ሦስት ዓመት ሙሉ። ፍየሎቹ ይቅር ይበሉኝ። ስሚ፣ አንዲት ተራ ነገር ጨምረዋል፣ ደንብ ሠላሳ አንድን አሻሽሉ ይላሉ። ላንቺ ሁለት መስመር ኮድ ነው፣ ምሳሽን ሳትበይ ትጨርሺዋለሽ።»

ደብዳቤውን ከፈተችው። በቱሊኪ እጅ የተፈረመበት ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ፍለጋው ሠላሳ ቀን ካለፈው ለአንድ ፈላጊ ብቻ መተው የለበትም። መረቡ ሁለተኛ ሰው ይጥራ።»

ሩክሳንድራ ሁለቱን መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀባት።